ሻብሊ፤ ስለ አንድ የታወቀ የፈረንሣይ ነጭ የወይን ጠጅና ስለሚገኝበት አገር

ከፓሪስ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ሰረን በሚባል ትንሽ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ሻብሊ የምትባል ከተማ አለች። የነዋሪዎቿ ቁጥር ሦስት ሺህ አይሞላም። ሆኖም ስሟ በለንደንና በኒው ዮርክ፥ በቶክዮም ሳይቀር የታወቀ ነው። ይህን ዝና ያተረፈላት በዙሪያዋ ካሉት ኮረብቶች የሚለቀመው የወይን ፍሬና ከእርሱ የሚጠመቀው ነጭ የወይን ጠጅ ነው።

የሻብሊ ነገር አገር ለሚያስተዳድሩና መሬት ለሚያለሙ ሰዎች መታወቅ የሚገባው ስለ መጠጡ ጣዕም ብቻ አይደለም። ይህች ትንሽ አገር ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ከሦስት ጠላቶች ጋራ ተዋግታለች፤ እነዚህም ተባይ፥ ውርጭና የስሟ ነጣቂዎች ናቸው። ተባዩ ተክሏን አጠፋ፤ ውርጩ ፍሬዋን በላ፤ ስም ነጣቂዎቹ ግን ተክሉም ፍሬውም ቢተርፍ ዋጋ እንዳይኖረው የሚያደርጉ ነበሩ። ከሦስቱ የትኛው እንደ ከፋና በምን ዘዴ እንደ ተመከቱ ታሪኩ ያስረዳል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚነገሩት ዓመታትና ወራት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአገሩ አቀማመጥና የአፈሩ ጠባይ

ሻብሊ ቡርጎኝ በሚባለው አገር ሰሜናዊ ጫፍ፥ በዮን አውራጃ ውስጥ፥ በኦሰርና በቶኔር ከተሞች መካከል ትገኛለች። ከቡርጎኝ የወይን አገሮች ዋነኛ ከሆነችው ከቦን ከተማ ከ100 ኪሎ ሜትር የበለጠ ትርቃለች። አየሩ ብርድ የበዛበት ስለሆነ ወይን ሊበስልባቸው ከሚችሉት አገሮች በዳርቻ ያለች ናት። ስለዚህ ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ኮምጣጣነቱንም እስከ መጨረሻው አይለቅም። ጠጁ ጣፋጭነት የሌለበት፥ የጠራና በአፍ ውስጥ ንጹሕ ሆኖ የሚሰማ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። መልኩ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ የፈዘዘ ወርቅ ይመስላል፤ ጠጪዎችም መዓዛውን ከተሰበረ ባልጩት ሽታ ጋራ ያመሳስሉታል።

ከአየሩም ይልቅ አገሬው የሚመካው በአፈሩ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ይህ ስፍራ በሞቃት ባሕር የተሸፈነ ነበረ። ፈረንሳዮች ዊትር የሚሉት ባለ ዛጎል የባሕር ፍጥረት በባሕሩ ወለል ላይ እየሞተ ዛጎሉ ከጭቃና ከኖራ ጋራ ተከማቸ፤ በዘመናት ብዛትም ድንጋይ ሆነ። ዛሬ ገበሬው በዶማ ከሚያወጣው ድንጋይ አንዱን ቢሰብረው እንደ ጥፍር ያነሱ የተጠማዘዙ ዛጎሎች ተጠቅጥቀውበት ያያል። የመሬት ሊቃውንት ይህን አፈር በእንግሊዝ አገር በደቡብ ባሕር ዳር ባለች መንደር ስም ኪመሪጅ ብለው ይጠሩታል። ጭቃው ውሃ ይይዛል፤ ድንጋዩ ደግሞ ትርፉን ውሃ ያሳልፋል፤ ስለዚህ የወይኑ ሥር አይጠማም፥ አይበሰብስምም። በኮረብቶቹ ራስ ላይ ያለው ግን ሌላ ዓይነት ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ከዚያ የሚገኘው ጠጅ ቀለል ያለ ነው።

የሚተከለው ወይን አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ስሙም ሻርዶኔ ይባላል፤ የአገሩ ሰዎች በጥንት ልማድ ቦኗ ይሉታል። ከተክሉ ስፍራ ሁሉ የበለጠው ከከተማዋ ባሻገር ከወንዙ ማዶ፥ ፊቱን ወደ ደቡብ ምዕራብ አዙሮ ፀሐይ የሚሞቅ አንድ ተዳፋት ነው። ስፋቱ 100 ሄክታር ያህል፥ በጋሻ ቢገመት ሁለት ጋሻ ተኩል የሚሆን ሲሆን በሰባት ስፍራ ይከፈላል፤ ስማቸውም ብላንሾ፥ ቡግሮ፥ ሌ ክሎ፥ ግረኑይ፥ ፕረዝ፥ ቫልሙርና ቮዴዚር ነው። ከእነዚህ የሚገኘው ጠጅ ሻብሊ ግራን ክሩ ተብሎ ከሁሉ በላይ ይከበራል። ያንኑ ዘር፥ ያንኑ ሥራ ይዞ ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ የተተከለው ግን ወደዚህ ማዕረግ አይደርስም።

የመነኮሳት ትጋት

የሻብሊን ወይን ለማልማት ብዙ የደከሙት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። በዘጠነኛው መቶ ዓመት ከሰሜን ባሕር በመርከብ የመጡ ኖርማኖች የፈረንሣይን አገር ሲዘርፉ፥ በቱር ከተማ የነበሩ የቅዱስ ማርቲን ገዳም መነኮሳት የቅዱሱን ዐፅም ይዘው ተሰደዱ። ራሰ በራው ሻርል የተባለው ንጉሥም በ867 ዓ.ም. በሻብሊ የነበረችውን አንዲት ገዳም ሰጣቸው። ከዚህ በኋላ በ1114 ዓ.ም. ከሻብሊ ብዙ ሳይርቅ በዚያው በሰረን ወንዝ አጠገብ የፖንቲኚ ገዳም ተመሠረተ። የዚህ ገዳም መነኮሳት የሲቶ ሥርዓት ተከታዮች ስለ ነበሩ በእጅ መሥራትን ከጸሎት ጋራ አስተባብረው ይይዙት ነበር። ለቅዳሴና ለእንግዳ የሚሆን ጠጅ ፈልገው በሻብሊ ኮረብቶች ወይን አለሙ፤ በከተማዋም ውስጥ የነበራቸው የወይን ጠጅ ቤት ትንሹ ፖንቲኚ እየተባለ እስከ ዛሬ ይጠራል።

መነኩሴ ይሞታል፥ ገዳም ግን አይሞትም። ስለዚህ የትኛው ተዳፋት ቀድሞ እንደሚያበስል፥ በየትኛውም ውርጭ እንደሚበዛ የታወቀው ነገር ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ ኖረ። ጠጁም በበርሜል ሆኖ እስከ ኦሰር በጋሪ ይጓዛል፤ ከዚያም በዮን ወንዝ በጀልባ ተጭኖ ወደ ሴን ወንዝ ገብቶ ፓሪስ ይደርስ ነበር። በ1789 ዓ.ም. በተነሣው አብዮት ጊዜ የቤተ ክርስቲያን መሬት ተወርሶ ሲሸጥ ተክሉ ወደ ብዙ ባለ መሬቶች እጅ ገባ፤ የመነኮሳቱ ዕውቀት ግን ከመሬቱ ጋራ ቀረ።

ጠጁ እንዴት እንደሚዘጋጅ

ወይኑ በብርዱ ወራት ይገረዛል፤ ፍሬው በሴፕቴምበር ወር ገደማ ይለቀማል። እንደ ተለቀመም ሳይውል ሳያድር ይጨመቃል፤ ነጭ ጠጅ ነውና ልጣጩ ከጭማቂው ጋራ አይፈላም። ጭማቂው ጥቂት ጊዜ ረግቶ ዝቃጩ ከተለየ በኋላ በቀዝቃዛ ስፍራ ይፈላል፤ ስኳሩም ሁሉ ወደ አልኮል ተለውጦ ያልቃል። ቀጥሎ ሁለተኛ ለውጥ ይሆናል፤ ይኸውም እንደ ጥሬ ፖም የሚጎመዝዘው ኮምጣጣነት በወተት ውስጥ እንዳለው ዓይነት ወደ ለሰለሰው ኮምጣጣነት ይመለሳል። ቀድሞ ጠጁ የሚቀመጠው ፈዬት በሚባል 132 ሊትር በሚይዝ ትንሽ የእንጨት በርሜል ነበረ። ዛሬ ግን አብዛኛው በብረት ጋን ይቀመጣል፤ ምክንያቱም እንጨቱ የራሱን ሽታ እየሰጠ የአፈሩን ጣዕም እንዳይሸፍን ነው።

የመጀመሪያው ጠላት፤ ተባይ

በ19ኛው መቶ ዓመት የዮን አውራጃ በፈረንሣይ ታላላቅ ከሚባሉት የወይን አገሮች አንዱ ነበረ፤ 40,000 ሄክታር ያህል መሬት በወይን ተሸፍኖ ነበር። ለፓሪስ ገበያ ቅርብ መሆኑ ሀብቱ ነበረ። ነገር ግን በ1850ዎቹ ዓመታት የምድር ባቡር ፓሪስን ከደቡብ አገር ጋራ ባገናኘ ጊዜ፥ ፀሐይ በበዛበት በደቡቡ ሜዳ ብዙ ሆኖ በርካሽ የሚመረተው ጠጅ ወደ ዋናው ከተማ ጎረፈ። ተራ ጠጅ የሚሸጠው የዮን ገበሬ ከዚያ ዋጋ ጋራ ሊወዳደር አልቻለም፤ ቅርበቱም ከዚያ ወዲያ ጥቅም አልሰጠውም።

ይህ ችግር ሳያልፍ ፊሎክሴራ የሚባል ከአሜሪካ የመጣ ተባይ ደረሰ። ይህ ተባይ በዓይን ለማየት የሚያዳግት ትንሽ ቢጫ ቅማል ሲሆን የወይኑን ሥር እየመጠጠ ተክሉን ያደርቀዋል። በደቡብ ፈረንሣይ በ1863 ዓ.ም. ታየ፤ ወደ ሻብሊ አገር በ1887 ዓ.ም. ደረሰ። ብዙ መድኃኒት ከተሞከረ በኋላ የተገኘው እውነተኛ መፍትሔ፥ የአሜሪካ ወይን ሥሩ ተባዩን የሚችል ስለሆነ የአሜሪካውን ሥር ከታች፥ የፈረንሣዩን ቅርንጫፍ ከላይ አድርጎ ማጋባት ነበረ። ይህ ማለት ግን አሮጌውን ተክል ሁሉ ነቅሎ እንደ አዲስ መትከል፥ ፍሬውንም ለማየት ሦስት ዓመት ያህል መታገሥ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ተከለ፤ የሌለው መሬቱን ለእህል አደረገው፥ ወይም ትቶት ወደ ከተማ ሄደ። በ1914 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ደግሞ ጎልማሶቹን ወሰደ። ከዚህ ሁሉ የተነሣ በ1950ዎቹ ዓመታት በሻብሊ የቀረው ተክል 500 ሄክታር ያህል ብቻ ነበረ።

በዚህ ጭንቀት መካከል በ1923 ዓ.ም. በአንድ ቄስ መሪነት ገበሬዎቹ ላ ሻብሊዚየን የሚባለውን የኅብረት ማኅበር አቆሙ። ትንሽ መሬት ያለው ሰው ለብቻው ሆኖ ነጋዴ የሰጠውን ዋጋ ከመቀበል በቀር ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ በማኅበር ሲሆን ግን ጠጁን አስቀምጦ የተሻለ ገበያ ሊጠብቅ ቻለ። ይህ ማኅበር እስከ ዛሬ አለ፤ ከሻብሊ ጠጅም አንድ አራተኛው ያህል በእርሱ እጅ ያልፋል።

ሁለተኛው ጠላት፤ ውርጭ

በማርች መጨረሻና በኤፕሪል ወር የወይኑ ቡቃያ ይፈነዳል። በዚያን ጊዜ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ የሌለበት ሌሊት ሲሆን ብርዱ ከኮረብታው እየወረደ በሸለቆው ይተኛል። ከዜሮ በታች ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ሲደርስ ለስላሳው ቡቃያ ይሞታል፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ እሳት የለበለበው ይመስላል። አደጋው እስከ ሜይ ወር አጋማሽ ይቆያል። የአገሩ ገበሬዎች ሜይ 11፥ 12 እና 13 ቀን፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግንቦት 3፥ 4 እና 5 ቀን መሆኑ ነው፥ የሚውሉትን የቅዱስ ማሜርን፥ የቅዱስ ፓንክራስንና የቅዱስ ሴርቬን በዓላት የበረዶ ቅዱሳን ይሏቸዋል፤ እነርሱ ሳያልፉ መከሩን አምኖ የሚተኛ የለም።

በ1945 ዓ.ም. የወረደው ውርጭ የዓመቱን ምርት ፈጽሞ አጠፋው ማለት ይቻላል፤ በ1957 ዓ.ም.ም እንደዚሁ ከባድ ጥፋት ደረሰ። ተባዩን ያሸነፉት ገበሬዎች በዚህ ጊዜ ልባቸው ሊዝል ደረሰ፤ ምክንያቱም በየጥቂት ዓመቱ ባዶ እጁን የሚቀር ሰው አዲስ ተክል ለመትከል ገንዘብ የሚያበድረው አያገኝም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት መከላከያ ተገኘ። የመጀመሪያው በተክሉ መደዳ መካከል ዘይት የሚያነዱ ምድጃዎች አስቀምጦ ሌሊቱን ሁሉ አየሩን ማሞቅ ነው። ሁለተኛው ለሰሚው እንግዳ የሚመስል ነው፤ ይኸውም ውሃን በቀጭኑ በቡቃያው ላይ መርጨት ነው። ውሃው በቡቃያው ላይ ወደ በረዶ ሲለወጥ ሙቀት ይሰጣል፤ ርጭቱ ሳይቋረጥ እስከ ቀጠለ ድረስ በበረዶው ውስጥ ያለው ቡቃያ ከዜሮ ብዙ ሳይወርድ ያድራል። ነገር ግን ውሃው በመካከል ቢቋረጥ ጥፋቱ ያለ መከላከያ ከቀረው ይብሳል። ስለዚህ ገበሬዎቹ በቤን መንደር አጠገብ ለዚሁ ሥራ የሚሆን ሰው ሠራሽ ሐይቅ አስቆፍረዋል። ይህም ሁሉ ሆኖ ውርጭ ፈጽሞ አልተሸነፈም፤ በኤፕሪል 2021 ዓ.ም. የወረደው በሻብሊና በብዙ የፈረንሣይ አገሮች ላይ ታላቅ ጉዳት አድርሷል።

ሦስተኛው ጠላት፤ ስም ነጣቂ

ሦስተኛው ጠላት ከሰማይም ከምድርም ያልመጣ፥ ከሰው የተነሣ ነው። የሻብሊ ተክል በተባይ ባነሰ ጊዜ የጠጪው ቁጥር አላነሰም፤ ስለዚህ ከሌላ ስፍራ የተገኘ ነጭ ጠጅ ሻብሊ የሚል ጽሕፈት እየተለጠፈበት ይሸጥ ጀመር። ሐሰተኛው ጠጅ ርካሽ ስለሆነ እውነተኛውን ከገበያ ያስወጣዋል፤ መጥፎም ስለሆነ የቀመሰው ሰው ሻብሊ ይህ ከሆነ ሁለተኛ አልገዛም ይላል። ተባይ ያደረቀውን መልሶ መትከል ይቻላል፤ ውርጭም የሚያጠፋው የአንድ ዓመት ፍሬ ነው፤ የረከሰ ስም ግን በዶማም በገንዘብም በቶሎ አይመለስም። ስለዚህ ከሦስቱ ጠላቶች የከፋው ይህ ነበረ።

የፈረንሣይ መንግሥት በ1905 ዓ.ም. በሸቀጥ ላይ የሚደረገውን ማታለል የሚቀጣ ሕግ አወጣ። ቀጥሎም በ1919 ዓ.ም. በወጣው ሕግ የአገር ስም ያለአግባብ ሲወሰድ ባለ ጉዳዮቹ በዳኛ ፊት እንዲከራከሩ ፈቀደ። ነገር ግን ይህ ሕግ ስለ ስፍራው እንጂ ስለ ሥራው አጥብቆ ስላልተናገረ፥ በአገሩ ውስጥ ያለ ሰው በማይስማማ መሬት ላይ መናኛ ዘር ተክሎ በከበረው ስም ሊሸጥ ይችል ነበር። ይህን ጉድለት ለማረም ቀድሞ የእርሻ ሚኒስትር የነበረው የሕግ መወሰኛው አባል ጆዜፍ ካፑ ብዙ ደከመ፤ በጁላይ 30 ቀን 1935 ዓ.ም. ስለ ወይን ጠጅ የአገር ስሞች አጠባበቅ አዲስ ደንብ ታወጀ። የወይን ገበሬዎችና የመንግሥት ሹማምንት በአንድነት የሚቀመጡበት ብሔራዊ ሸንጎም ተቋቋመ።

ሻብሊ በጃንዋሪ 13 ቀን 1938 ዓ.ም. በዚህ ደንብ ገባች። ከዚያ ወዲህ በሻብሊ ስም የሚሸጥ ጠጅ በተለየው ወሰን ውስጥ የበቀለ፥ ከሻርዶኔም ብቻ የተጠመቀ መሆን አለበት። ፍሬ ሲበዛ ጣዕም ስለሚቀጥን የምርቱም ልክ ተወስኗል፤ በመሠረቱ ከአንድ ሄክታር ለሻብሊ 60 ሄክቶ ሊትር፥ ለሰባቱ የከበሩ ስፍራዎች 54 ሄክቶ ሊትር ነው። በ1944 ዓ.ም. ፔቲ ሻብሊ ማለት ትንሹ ሻብሊ የሚባል ዝቅተኛ ማዕረግ ተጨመረ። ስለዚህ ዛሬ ማዕረጉ አራት ነው፤ ከታች ፔቲ ሻብሊ፥ ቀጥሎ ሻብሊ፥ ከእርሱ በላይ ፕረሚዬ ክሩ፥ ከሁሉ በላይ ግራን ክሩ ነው።

ሕጉ ከወጣ በኋላ ግን ክርክሩ በአገሬው መካከል ተነሣ። ተክሉ እንደ ገና መስፋት በጀመረ ጊዜ አንዱ ወገን፥ ሻብሊ መባል የሚገባው የኪመሪጅ አፈር ያለበት መሬት ብቻ ነው፤ ይህ ከተለቀቀ ስሙ ባዶ ይቀራል አለ። ሌላው ወገን፥ በአቀማመጥና በአየር የሚመሳሰለው ጎረቤት መሬት ሊከለከል አይገባውም፤ አባቶቻችን ከተባዩ በፊት በእርሱም ላይ ተክለው ነበር አለ። ብርቱ ሙግት ከሆነ በኋላ በ1970ዎቹ ዓመታት ስለ አፈሩ የነበረው ደንብ ላላ፤ ወሰኑም ሰፋ። ዛሬ ተክሉ ከ5,500 ሄክታር በላይ ሆኗል። ብዙ ቤተሰቦች በዚህ ኑሮ አግኝተዋል፤ ስለ ጠጁ የሚከራከሩ ሰዎች ግን መስፋቱ ጣዕሙን አሳስቷል ብለው የሚወቅሱት አሉ። የሁለቱም ቃል እውነት ያለበት ነው፤ ወሰን ሲጠብ ጎረቤት ይጎዳል፥ ወሰን ሲሰፋ ስም ይቀጥናል።

በባሕር ማዶ ደግሞ ፍልሚያው ረዘመ። በአሜሪካ በካሊፎርንያ ክፍል ሻብሊ የሚለው ስም ለማንኛውም ርካሽ ነጭ ጠጅ መጠሪያ ሆነ፤ እውነተኛው ሻብሊ ምን ጊዜም ነጭ ሆኖ ሳለ፥ ቀላ ያለ ሻብሊ ተብሎ የተሸጠም ነበረ። በ2006 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረትና አሜሪካ ባደረጉት ስምምነት አዲስ ሰው በዚህ ስም እንዳይጠቀም ተከለከለ፤ ቀድሞ ይጠቀሙበት የነበሩት ነጋዴዎች ግን እንዲቀጥሉ ተፈቀደላቸው። አውስትራልያ በ2008 ዓ.ም. በፈረመችው ስምምነት ስሙን መጠቀም ለመተው ተስማማች። ከዚህ የሚታየው፥ ስም በሰው እጅ ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ ለማስመለስ የሚደክም ሰው ሁሉን ሊያገኝ አለመቻሉ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ይህ ዓይነት ክርክር በኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረር፥ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ማመልከቻ አቀረበ፤ ብዙ ክርክርም ተደረገበት። የንግድ ምልክት ስሙን ሌላ ሰው እንዳይወስደው ይጠብቃል። ወሰኑን የመለየት፥ ዘሩን የመምረጥና የሥራውን ደንብ የማስከበር ጉዳይ ግን በየአገሩ ያለው ሹምና ገበሬ በአንድነት የሚሠሩት ነው። በሻብሊም ቢሆን ሕጉን ያጸናው የፓሪስ አዋጅ ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱን የሚጠይቅና እርሱም ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ ገበሬ ነው።

ስለዚህ በስሙ የሚታወቅ ማር፥ ቅቤ፥ ቡና ወይም እህል ያለው አገር ሁሉ ሦስት ነገር ሊያስብበት ይገባዋል። የመጀመሪያው፥ ምርቱ በእውነት የሚገኝበት ስፍራ ወሰኑ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ተጠይቆ እንዲጻፍ ነው። ሁለተኛው፥ ገበሬዎቹ በማኅበር ሆነው መናኛውን ከደኅናው ጋራ ቀላቅሎ የሚሸጠውን እንዲቆጣጠሩ ነው። ሦስተኛው፥ ዋጋ በወጣ ጊዜ ብዛትን ተመኝቶ ጥራትን መልቀቅ፥ ዋጋውን ያወጣውን ስም መልሶ እንደሚጥለው ማወቅ ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው ስለ ሰው ነው፤ ስለ መሬትም ቢባል ሐሰት አይሆንም። በሻብሊ ኮረብቶች መጀመሪያ የደከሙት መነኮሳት ካረፉ ብዙ መቶ ዓመት ሆኗል፤ እነርሱ ያለሙት ተክልም በተባይ ደርቆ አልቋል። ዛሬ በኤፕሪል ሌሊት ገበሬው ከመኝታው ተነሥቶ ምድጃውን የሚያነድደው፥ ውሃውንም የሚረጨው፥ በአሜሪካ ሥር ላይ ለተጋባ አዲስ ተክል ነው። ከጥንቱ ሳይለወጥ የደረሰው አፈሩና ስሙ ነው።